ሰው የሚያመጣ ጩኸት

በመንዝ ሰው ከአንዱ ተራራ ላይ ሆኖ ወዲያ ማዶ ያለውን መጥራት ያውቅበታል። እረኛው ላሙ ከሰው አዝመራ ስትገባበት ባልንጀራውን ይጣራል፤ እናት ልጇን ከወንዝ ማዶ ትጠራለች፤ የእድሩ ለፋፊ ጥሩንባውን ነፍቶ የቀብሩን ሰዓት ያሰማል። ድምፅን አርቆ መላክ በሰሜን ሸዋ ደጋ ከልጅነት የሚለመድ ነገር ነው። ያው አገር ግን ሴት ልጁን ሲያሳድግ «ድምፅሽ ከበር አይውጣ» ይላል። ጮክ ብላ የሳቀች ባለጌ ትባላለች፤ ዐይን ዐይኑን እያየች «አልፈልግም» ያለች ደግሞ ደረቅ። እንዲህ ያደገች ልጅ ለትምህርት ከገጠር ወጥታ ወረዳው ከተማ ቤት ትከራያለች። ቅዳሜ ስንቅ ለማምጣት ሦስትና አራት ሰዓት በእግሯ ትሄዳለች። ወይም ደብረ ብርሃን ኢንዱስትሪ ፓርክ ተቀጥራ ከፈረቃ ስትወጣ ይመሽባታል። ድምፅዋ የሚያስፈልጋት ያኔ ነው፤ እንዴት እንደምታወጣው ግን ማንም አላለማመዳትም።

ራስን መከላከል ሲባል ብዙ ሰው ቡጢና እርግጫ ይታየዋል። እኔ ግን ከእጅ በፊት ድምፅ መሠልጠን አለበት ብዬ አምናለሁ። ድምፅ ከሩቅ ይሠራል፤ ጉልበት አይጠይቅም፤ ምስክር ያመጣል፤ ጥቃቱ ገና ሙከራ ሳለ ሊያስቀረው ይችላል። በፈረንጆቹ 2015 የታተመ ጥናት አለ። በካናዳ ሦስት ዩኒቨርሲቲዎች 893 ሴት ተማሪዎች የተሳተፉበት ነው። አደጋን ቀድሞ መለየትን፣ በቃል መቃወምንና በእጅ መከላከልን አንድ ላይ የሚያስተምር የ12 ሰዓት ሥልጠና ከወሰዱት መካከል በአንድ ዓመት ውስጥ የተደፈሩት 5.2 በመቶ ሲሆኑ፣ ብሮሹር ብቻ ከተሰጣቸው መካከል ግን 9.8 በመቶ ነበሩ። ናይሮቢ ውስጥ በድሃ ሰፈሮች ለሚኖሩ ታዳጊ ልጃገረዶች ተመሳሳይ ሥልጠና ሲሰጥም እጃቸውን ሳያነሡ በቃል ብቻ ጥቃት ያስቆሙ ብዙ ነበሩ።

ይህ ለምን ሆነ ቢባል፣ አብዛኛው አጥቂ ከመድፈሩ በፊት ይፈትናል። ቀረብ ይላል፣ እጅ ይነካል፣ አሳፋሪ ቀልድ ይቀልዳል፣ ከዚያ ምላሹን ያያል። ዝም ከተባለ ወይም በእፍረት ፈገግታ ከታለፈ አንድ እርምጃ ይጨምራል። ደግሞም አጥቂው በብዛት የሚታወቅ ሰው ነው፤ የክፍል ጓደኛ፣ ዘመድ፣ ጎረቤት፣ አለቃ። በሚታወቅ ሰው ላይ እሪ ማለት በጣም ይከብዳል። ስለዚህ መጀመሪያ መሠልጠን ያለበት ትልቁ ጩኸት ሳይሆን ቀደም ብሎ የሚወጣው ዝግ ያለ፣ ቁርጥ ያለ ድምፅ ነው።

ትንፋሽ ይቀድማል

ሰው ሲደነግጥ መጀመሪያ የሚያዘው ትንፋሹ ነው። አየር በድንገት ወደ ውስጥ ይሳብና እዚያው ይቀራል፤ የጉሮሮ ጡንቻዎች ይጠብቃሉ፤ አፍ ይደርቃል። ድምፅ የሚፈጠረው ከሳንባ የሚወጣ አየር የድምፅ አውታሮችን ሲያርገበግብ ነውና፣ አየሩ ካልወጣ ድምፅም የለም። «ልጮህ ፈልጌ አልወጣልኝም» የሚሉ ሴቶች ፈሪዎች ስለሆኑ አይደለም። ሰውነታቸው ትንፋሽ ቆልፎባቸው ነው። እንዲያውም በከባድ ጥቃት ወቅት መላ አካል ደርቆ መቅረት በሰውም በእንስሳም የሚታወቅ፣ በፈቃድ የማይመጣ ነገር ነው፤ ማንም ሊወቀስበት አይገባም።

የሚጠቅመው ወደ ውጭ መተንፈስን ቀድሞ መልመድ ነው። እግርሽን በትከሻሽ ስፋት ለይተሽ ቁሚ፤ ጉልበትሽን ላላ አድርጊው። አንድ እጅሽን ከእምብርትሽ ትንሽ ከፍ አድርገሽ ሆድሽ ላይ አሳርፊ። በአፍንጫሽ አጭር ትንፋሽ ስትስቢ እጅሽ ወደ ፊት መገፋት አለበት። ትከሻሽ ከተነሣ አየሩ ደረትሽ ላይ ቀርቷልና እንደገና ሞክሪ። ከዚያ ሆድሽን በድንገት ወደ ውስጥ እየሳብሽ «ሃ!» በይ። እንጨት ፈላጭ ምሳሩን ሲያሳርፍ ከሆዱ የሚያወጣው «እህ!» ዓይነት ድምፅ ነው የምትፈልጊው። አምስት ጊዜ ከደጋገምሽ በኋላ «ሃ»ውን በቃል ተኪው፤ «ራቅ!»፣ «ሂድ!»፣ «ተው!»። በአንድ ትንፋሽ አንድ ቃል ብቻ ይውጣ። ረጅም ዐረፍተ ነገር ከጀመርሽ መጨረሻው ላይ አየር ያልቅብሽና ድምፅሽ ይሰበራል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛው በጉሮሮ መጮህ ነው፤ ሁለትና ሦስት ጊዜ ከተባለ በኋላ ጉሮሮ ይቧጠጣል፣ ድምፅ ይሻክራል። ሁለተኛው የቃሉን መጨረሻ ወደ ላይ ማንሣት ነው። «አትንካኝ» ሲባል መጨረሻው ላይ ድምፁ ከወጣ ልመና ወይም ጥያቄ ይመስላል፤ ትእዛዝ የሚሆነው መጨረሻው ወደ ታች ወርዶ ሲዘጋ ነው። በስልክ ቀድቶ መልሶ ማዳመጥ ልዩነቱን ወዲያው ያሳያል።

የት ይለመድ የሚለው ራሱ ችግር ነው። ግድግዳ በሚጋሩበት የኪራይ ቤት «ሂድ!» ብላ የጮኸች ጎረቤት ታስደነግጣለች። ጋቢ አራት አጥፎ አፍ ላይ ይዞ መጮህ ይቻላል፤ ድምፁን ያፍነዋል፣ የሆድን ሥራ ግን አይከለክልም። ከጓደኛ ጋር ሜዳ ወጥቶ መለማመድ ደግሞ የበለጠ ይጠቅማል፤ ፊት ለፊት ሰው ቆሞ ዐይን እያዩ መጮህ ጋቢ ውስጥ ከመጮህ ይከብዳልና እፍረቱም አብሮ ይለመዳል። በሳምንት ሁለት ቀን፣ በአንድ ጊዜ ከአሥር ደቂቃ ያልበለጠ ይበቃል። የደጋው አየር ደረቅና ብርድ ስለሆነ በፊትም በኋላም ውኃ ይጠጣ። ካመመ ይቁም። ከሦስት ሳምንት በላይ የቆየ የድምፅ መሻከር ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ስለ ደጋ ካነሣን አይቀር፣ ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ናት፤ ጣርማበር ደግሞ ከ3,000 ይበልጣል። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ወደ አንድ አራተኛ የሚጠጋ ይሳሳል። ዳገት እየሮጡ መጮህ አይቻልም፤ ሩጫው ትንፋሹን ይበላዋል። ከተቻለ ሁለት ሰከንድ ቆሞ፣ አንዴ አስወጥቶ፣ አንዴ ስቦ፣ ከዚያ መጮህ ይሻላል።

ጥያቄ አይሁን፣ ልመናም አይሁን

አንድ ሰው ሁለት ሜትር ገደማ ሲቀርብሽና አመጣጡ ካላማረሽ ለመናገር ጊዜው ያ ነው። ክንድ ሊደርስብሽ ሲል ዘግይቷል። አንድ እግርሽን ወደ ኋላ አድርገሽ ቁሚ፤ ሁለት እጅሽን መዳፉን ወደ እሱ አድርገሽ ደረትሽ አካባቢ አንሺ። እንዲህ ሲታይ ገላጋይ እንጂ ጠበኛ አትመስይም፤ እጅሽም ለመከላከል ዝግጁ ነው። ድምፅሽ ከተለመደው ትንሽ ወፈር፣ ዝግ ይበል። «ወንድሜ፣ እዚያው ሁንና ተናገር።» ከቆመ ነገሩ አለቀ፤ መንገድ ጠያቂ ከሆነም አልተሰደበም።

ካልቆመ ቃሉ ያጥራል፣ ድምፁ ይጨምራል። «ቁም! አትጠጋኝ!» እዚህ ላይ ከአንደበት መውጣት የሌለባቸው ነገሮች አሉ። «እባክህ» ትእዛዙን ወደ ልመና ይለውጠዋል። «ምን አድርጌህ ነው?» እና «ምን ፈለግህ?» ወሬ ይከፍታሉ፤ እሱ የሚፈልገውም ወሬው እንዲረዝም ነው። «እጮኛ አለኝ» ሲባል ክርክሩ ስለ እጮኛው ይሆናል። ምክንያት መስጠት ግዴታ አይደለም። አንዱን ዐረፍተ ነገር፣ ሳይቀይሩ፣ ሦስት ጊዜ መድገም ከማንኛውም ማብራሪያ ይበልጣል፤ «አልሄድም። አልሄድም አልኩ። አልሄድም።» ስድብም አይግባ። ስድብ የእሱን ክብር ስለሚነካ ጠቡን ያከርረዋል፤ ከሩቅ ለሚሰማ ሰው ደግሞ ሁለት ሰዎች የተጣሉ ያስመስለዋል።

ታላቅ ሰው ሲሆንስ? ቤት አከራይ፣ የአባት ወዳጅ፣ አስተማሪ። ብዙ ልጆች የሚሸነፉት እዚህ ነው፤ «ጋሼ» ብለው የሚጠሩትን ሰው በምን አፋቸው ያዝዙታል? አንቱታው ይቆይ፣ መለማመጡ ይቅር። «ጋሼ፣ እጅዎን ያንሡ።» «ጋሼ፣ በሩን ይክፈቱት፤ ልወጣ ነው።» ይህ ማንንም አላዋረደም፤ የሚጣስ ወግም የለበትም። ሰውየው ካልሰማና ከቀጠለ ግን ክብሩን ራሱ ጥሎታል፤ ያን ጊዜ «ልቀቀኝ!» ማለት ነውር አይደለም።

በተጨናነቀ ሚኒባስ ወይም በወረፋ መሐል ለሚነካካ እጅ ደግሞ ሰውየውን በልብሱ ለይቶ ድርጊቱን መሰየም ነው። «ሰማያዊ ሹራብ የለበስከው፣ እጅህን አንሣ!» እዚያ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ዘወር ይላል። መናገሯ ተነኪዋን ያሳፍራል ተብሎ ይፈራል፤ ስም የተሰጠው ድርጊት ግን የሚያሳፍረው አድራጊውን ነው። ባጃጅ ውስጥ ሆነሽ ሾፌሩ መንገድ ከቀየረ «ወራጅ አለ፣ እዚህ ጋ አቁም» በይ፤ ካላቆመ ስልክሽን ጆሮሽ ላይ አድርገሽ፣ የሚያነሣ ሰው ኖረም አልኖረ፣ ያለሽበትን ቦታና የባጃጁን የጎን ቁጥር ጮክ ብለሽ ተናገሪ።

ከአባቶች የወረስነው አንድ ጥሪ አለ፤ «በሕግ አምላክ!»። በድሮው ሥርዓት «በምኒልክ አምላክ»፣ በኋላም «በኃይለ ሥላሴ አምላክ» የተባለ ሰው ባለበት መቆም ነበረበት። የሚጠራው ተራ ገበሬ፣ የሚቆመው ባለሥልጣን ቢሆንም። ምኒልክ የተወለዱባት አንጎለላ ከደብረ ብርሃን ቅርብ ናትና ይህ ጥሪ ለዚህ አገር ሰው እንግዳ አይደለም። ዛሬም ሽማግሌ ባለበት፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ አጥቂው ስሙን በሚፈራበት ቦታ ይሠራል፤ የግል ጠብ የነበረውን የሕግ ጉዳይ ያደርገዋልና። ጭር ባለ ቦታ ለማይታወቅ ወሮበላ ግን አይበቃም።

ሰሚው ምን ሰማ?

አሁን ወደ ትልቁ ጩኸት እንምጣ። እሪታ ለጆሮ የተለየ ድምፅ ነው። በፈረንጆቹ 2015 የታተመ የአንጎል ጥናት እንዳሳየው የሰው እሪታ ኃይሉ በሰከንድ ከ30 እስከ 150 ጊዜ ይርገበገባል፤ ተራ ንግግር ግን በሰከንድ አምስት ጊዜ እንኳ አይሞላም። ይህ ሻካራነት ፍርሃትን የሚመለከተውን የአንጎል ክፍል በቀጥታ ይቀሰቅሳል። ስለዚህ እሪታው መስተካከል፣ ማማር አያስፈልገውም፤ የተሰነጠቀ፣ ሻካራ ሲሆን ነው የሚያስደነግጠው።

ነገር ግን አስደነገጠ ማለት ሰው አመጣ ማለት አይደለም። እኔ በዚህ ጽሑፍ አጥብቄ መናገር የምፈልገው ይህን ነው። ኡኡታ ሰውን ከእንቅልፉ ያነሣል፤ ከበሩ የሚያወጣው ግን ምን እየሆነ እንደሆነ የሚነግረው ቃል ነው። በተለይ አሁን፣ በሌሊት ሰው በሩን ለመክፈት በሚፈራበት ጊዜ፣ ምንነቱ ያልታወቀ ጩኸት ሰሚውን ጭራሽ በር ያስቀረቅረዋል።

በፈረንጆቹ 1976 አሜሪካ ውስጥ ሁለት ተመራማሪዎች ሰው በሚያየው ቦታ ወንድና ሴት ተዋንያንን አጣሉ። ሴቲቱ «አላውቅህም!» ብላ ስትጮህ ከተመልካቹ 65 በመቶው ጣልቃ ገባ። «ለምን እንዳገባሁህ አላውቅም!» ስትል ግን 19 በመቶው ብቻ። ጠቡ አልተለወጠም፤ የተለወጠው አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። በእኛ አገር ይህ የበለጠ እንጂ ያነሰ አይሆንም። «የባልና የሚስት ጠብ ነው» ተብሎ ስንቱ በር ተዘግቷል። መንገድ ላይ እየተጎተተች የምትጮህ ልጅ ሲታይም «ጠለፋ ነው፣ ሽማግሌ ይጨርሰዋል» የሚል ዛሬም አይጠፋም፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 587 ለጋብቻ ብሎ በጠለፈ ሰው ላይ ከሦስት እስከ አሥር ዓመት ጽኑ እስራት ቢደነግግም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ቃል «አላውቀውም!» ይሁን። ቀጥሎ ድርጊቱ፣ ቀጥሎ የሚፈለገው እርዳታ። «አላውቀውም! እየጎተተኝ ነው! ፖሊስ ጥሩ!» የሚታወቅ ሰው፣ ባልም ቢሆን፣ ውሸት አያስፈልግም፤ ድርጊቱን በስሙ መጥራት ይበቃል። «አንቆኛል!» «ቢላ ይዟል!» ቤት ውስጥ ከሆነም ቦታው ይጨመር፤ «ከጓዳው ቤት ነኝ! በሩን ዘግቶብኛል!»

ሁለተኛው ችግር የብዙ ሰው መኖር ነው። ሁለት ማኅበራዊ ሥነ ልቦና አጥኚዎች በፈረንጆቹ 1968 ባሳተሙት ሙከራ፣ አንድ ሰው በማይክሮፎን እየተናገረ ሳለ ሕመም ሲጥለው ብቻውን ነኝ ብሎ ያሰበ ሰሚ 85 በመቶ ለእርዳታ ተነሥቷል፤ ሌላ አንድ ሰሚ አለ ብሎ ያሰበ 62፤ ሌሎች አራት አሉ ብሎ ያሰበ 31። ሰው ክፉ ስለሆነ ሳይሆን «ሌላው ይሄዳል» ስለሚል ነው። መድኃኒቱ አንድን ሰው ለይቶ ማዘዝ ነው። «አንቺ ነጠላ የለበስሽው፣ ፖሊስ ደውይ!» «አንተ ባለ ባጃጁ፣ መብራትህን ወደዚህ አብራ!» የተጠቆመ ሰው ሌላውን መጠበቅ ያቅተዋል። ተስፋ መቁረጥም አይገባም፤ በአምስተርዳም፣ በላንካስተርና በኬፕታውን የመንገድ ካሜራ ቀረጻዎች ተመርምረው በፈረንጆቹ 2019 በወጣው ጥናት ከአሥር ጠብ በዘጠኙ ቢያንስ አንድ ሰው ጣልቃ ገብቶ ተገኝቷል።

«ሌባ!» በሉ፣ «እሳት!» በሉ የሚል ምክር ይሰማል። አልስማማበትም። «ሌባ!» ሰውን በሩጫ ያወጣዋል፤ ግን ዱላና ድንጋይ ይዞ ስለሚመጣ ጭለማ ውስጥ የሚመታው ማን እንደሆነ አይታወቅም። «እሳት!» ሲባል ሰው ጭስ ይፈልጋል፤ ጭስ ካጣ ይመለሳል። እውነቱን መጮህ ይሻላል።

ነፋስ፣ ገደልና ቆርቆሮ

በገላጣ ቦታ ርቀት እጥፍ በሆነ ቁጥር ድምፅ 6 ዴሲቤል (የድምፅ ጥንካሬ መለኪያ) ይቀንሳል። ከአንድ ሜትር ላይ 90 ዴሲቤል የሆነ ጩኸት አሥር ሜትር ላይ 70፣ መቶ ሜትር ላይ 50 ይሆናል። 50 ዴሲቤል ጸጥ ባለ ሌሊት በደንብ ይሰማል፤ በገበያ ቀን ከባጃጅ ድምፅ መሐል ጭራሽ አይሰማም። ስለዚህ ቀን ከተማ ውስጥ ከመጮህ ይልቅ ሰው ወዳለበት ሱቅ ወይም ቡና ቤት ሮጦ ገብቶ እዚያ መናገር ይሻላል።

ገጠር ላይ ነፋሱ ወሳኝ ነው። ነፋስ ወደሚሄድበት የተላከ ድምፅ ይርቃል፤ ነፋስን ተቃውሞ የተላከ ወደ ላይ ይታጠፍና ሰሚው ጋ ሳይደርስ ያልፋል። በቀትር መሬቱ ሲሞቅ ድምፅ ወደ ሰማይ ይነሣል። ማታና ንጋት ላይ ብርዱ ዝቅ ያለው ቦታ ላይ ሲተኛ ደግሞ ድምፅ መሬት ለመሬት ሄዶ ይርቃል። ሁለት እጅን አፍ ዙሪያ አድርጎ ወደ ቤቶቹ ፊት ማዞር ድምፁን ወደ አንድ አቅጣጫ ይሰበስባል። ቃል በሩቅ ይደበዝዛልና አፍ የሚከፈትበትን ፊደል ማርዘም ነው፤ «ኧረ የሰው ያለኽ!» ሲባል «ያ» ላይ መቆየት። «ቁም» ከቅርብ ጥሩ ቢሆንም አፍ ተዘግቶ ስለሚያልቅ ርቀት አይሄድም። ገደል አጠገብ ሲሆን ድምፅ ተመልሶ ያስተጋባልና ሰሚው ከየት እንደመጣ ይጠፋዋል፤ ስለዚህ ከጩኸቱ መሐል የቦታ ስም ይግባ፤ «ከወፍጮው በታች!»፣ «ከድልድዩ ሥር!»። ከዚያ አሥር ሰከንድ ዝም ብሎ ማዳመጥ፤ የሚመልስ ካለ በራስ ጩኸት መሸፈን የለበትም።

የኪራይ ቤት ሌላ ጠባይ አለው። በሐምሌና በነሐሴ ዝናብና በረዶ የቆርቆሮ ጣሪያ ሲደበድብ አንድ ክፍል ውስጥ የተቀመጡ ሰዎች እንኳ አይደማመጡም። በእንዲህ ያለ ሌሊት ጉሮሮን ማድከም ከንቱ ነው፤ ብረት ይመታ። የቆርቆሮውን በር በድስት ሦስት ጊዜ መምታት፣ ማቆም፣ እንደገና ሦስት ጊዜ። ዝናብ ምት አይጠብቅም፤ የተቆጠረ ምት ግን የሰው እጅ መሆኑ ያስታውቃል። ይህን ምልክት ከግቢው ሰዎች ጋር አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል። ቤት የገባች ልጅ በመጀመሪያው ሳምንት ለቤት አከራይዋ «እትዬ፣ ሦስት ጊዜ ከመታሁ አደጋ ላይ ነኝ ማለት ነው፤ እርስዎም ቢመቱ እደርሳለሁ» ብትላት ከማንኛውም ቁልፍ የተሻለ ቁልፍ አገኘች። ፊሽካም ርካሽና ጥሩ ነው። ቀጭን ድምፁ የሰው ጆሮ በጣም በሚሰማበት ከ2,000 እስከ 5,000 ኸርዝ (በሰከንድ የመርገብገብ ብዛት) ክልል ውስጥ ስለሚወድቅ ከጩኸት በላይ ይርቃል፤ ጉም በሸፈነው መንገድም ይጠቅማል። ከቁልፍ ጋር ይታሰር እንጂ አንገት ላይ በጠንካራ ገመድ አይንጠልጠል፤ ገመዱ ለማነቂያ ይሆናል።

ዝም የሚባልበት ጊዜ

ጩኸት የማይሠራበት፣ የሚጎዳበትም ጊዜ አለ። መሣሪያ የደገነ ሰው ንብረት ከጠየቀ ይሰጠው፤ ድምፅ ዝቅ፣ ንግግር ቀስ ይበል፤ እጅ ከመንቀሳቀሱ በፊት ይነገር። «ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነው፤ ላወጣው ነው።» ብዙ የታጠቀ ሰው ባለበትም እንዲሁ። አፍ ወይም አንገት ከተያዘ ደግሞ ትንፋሹን ለጩኸት ከማባከን በፊት እጁን ማስለቀቅ ይቅደም። ሁኔታውን የምታየው ባለጉዳይዋ ናት። ዝም ብላ ከተረፈች ትክክል አድርጋለች፤ ማንም ቆይቶ «ለምን አልጮህሽም?» ሊላት አይገባም።

ውሻ ሲመጣ ደግሞ ሕጉ ይገለበጣል። ቀጭን እሪታና ሩጫ ውሻን ያነሣሡታል። ቆሞ፣ ጎኑን ሰጥቶ፣ ዐይን ዐይኑን ሳያፈጡ፣ በወፍራም ድምፅ «ሂድ!» ማለትና ቀስ ብሎ ወደ ኋላ መራቅ ነው። እረኞች ይህን ከማንም በላይ ያውቃሉ።

ሕፃናትም ዐረፍተ ነገር ያስፈልጋቸዋል። እጁን ተይዞ እየጮኸ የሚሄድ ልጅ ለአላፊ አግዳሚው ያበሳጨ ልጅ እንጂ የተሰረቀ ልጅ አይመስልም። «አባቴ አይደለም! አላውቀውም!» ብሎ እንዲጮህ፣ መሬት ላይ ቁጭ እንዲል፣ የሚያገኘውን ሁሉ እንዲይዝ ማለማመድ ለወላጅ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። በጨዋታ መልክ፣ ሳያስፈራሩ፣ በየጥቂት ወሩ ይደገም። «ለትልቅ ሰው እሺ ይባላል» ብሎ ያስተማረ ወላጅ ደግሞ እሺ የማይባልበትን ጊዜ ለይቶ መንገር አለበት።

የሰማ ሰው

ሰሚም ድምፅ አለው፤ ይህ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ኡኡታ የሰማ ሰው ጫማውን እስኪያደርግ፣ ባትሪውን እስኪፈልግ፣ ጎረቤት እስኪቀሰቅስ ደቂቃዎች ያልፋሉ። በእነዚያ ደቂቃዎች ከቤቱ ሆኖ «ሰምተናል! መጣን!» ብሎ መጮህ ይችላል። ይህ ለተጠቂዋ ጉልበት ይሰጣል፤ አጥቂውም ምስክር እንዳለበት ያውቃል። አንዱ ሲመልስ ሌላውም ይመልሳል፤ ሦስት ቤት «መጣን!» ካለ ብዙው አጥቂ ይሸሻል።

ለመውጣት የፈራ ሰው ፍርሃቱ ትክክል ሊሆን ይችላል። ብቻውን አይውጣ። ቢያንስ ሁለት ጎረቤት ይቀስቅስ፤ መብራት ይያዝ፤ አሥር ሜትር ርቆ ቆሞ «ማን ነህ? ፖሊስ ጠርተናል!» ይበል። የአካባቢው ፖሊስና የቀበሌው ሚሊሻ ስልክ ቁጥር አስቀድሞ ስልኩ ላይ ይመዝገብ። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 575 ሕይወቱ ወይም አካሉ ከባድ አደጋ ላይ ለወደቀ ሰው፣ በራሱ ላይ አደጋ ሳይደርስበት መርዳት እየቻለ ሆን ብሎ የተወን ሰው ይቀጣል። ሕጉ ራስህን ግደል አይልም፤ ስልክ መደወልና መጮህ ግን አደጋ የለውም። ራሷን የተከላከለችም ሕግ አላት፤ አንቀጽ 78 ሕገወጥ ጥቃትን ከጥቃቱ ባልበለጠ ኃይል መመከትን አይቀጣም። «አትንካኝ!» ስትል የሰማት ጎረቤት ያኔ ፍርድ ቤት ምስክር ሊሆናት ይችላል።

ደርሶ ያዳነ ሰው የመጀመሪያው ቃሉ ምን መሆን እንዳለበትም ይወቅ። «ምን ስትሠሪ ነበር በዚህ ሰዓት?» አይደለም። «ደርሰናል፤ ብቻሽን አይደለሽም፤ ተጎድተሻል?» ይበላት። ተደፍራ ከሆነ ሳትታጠብ፣ ልብሷን ሳትቀይር፣ ሌሊትም ቢሆን ጤና ተቋም ትሂድ። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያው እስከ 120 ሰዓት ቢሰጥም በቶሎ ሲወሰድ ነው ይበልጥ የሚሠራው። ከጎረቤቶቹ አንዷ አብራት ትሂድ፤ የሰማችውን ቃልና የሰማችበትን ሰዓት ሳትረሳ በወረቀት ላይ ትጻፈው።